ክንድ ያዦቹ

አናጢውን ሰው ሁሉ «ብቻዬን» እያለ ነው የሚጠራው። ቅጽል ስሙን ማንም አላወጣለትም፤ ራሱ እየደጋገመ ያወጣው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ቁም ሳጥን ተሸክሞ ሲወጣ እንያዝልህ ያሉትን ሁሉ «ብቻዬን» እያለ ወገቡን የጨረሰ ሰው ነው።

የዛሬው ሥራ ግን ከወገብም በላይ ነበር። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ የወጥ ቤት ካቢኔት እንዲሰቅልላቸው ጠይቀውታል። ልጃቸውን ካገባ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ሚስማር ምታልኝ ብለውት አያውቁም። በራቸው ሲወላልቅ እንኳ ሌላ አናጢ ነበር የሚያስጠሩት። ይሄ ነገር ሲያንገበግበው ኖሯል። ዛሬ እሳቸው ፊት ከተሳሳተ፣ በቃ፣ ዳግመኛ አያምኑትም።

ሊያግዙት የመጡትን ሁለት የሚስቱን ወንድሞች ገና በጠዋቱ አባረራቸው። ታላቅየው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ውስጡ ባዶ ብሎኬት ነው። ቪስህ አጭር ነው፣ አይዝም። ከመኪናው ረጅሙን ላምጣልህ» አለው። ታናሽየው ሹፌር ነው፤ ስለ አናጢነት የሚያውቀው ነገር የለም፣ ግን እሱም ራሱን ነቀነቀ። አናጢውን ይበልጥ ያበሸቀው የሹፌሩ ነው።

«ሁለተኛ ሥራዬን እንዳትነኩ። ማሉ!»

«እማዬ ትሙት» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ፤ ሄደውም በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ካቢኔቱን በአጭሩ ቪስ ሰቀለው። ሲያዩት ያምራል። አማቱ ጊዜ ሳያባክኑ ብርጭቆዎቻቸውን በሙሉ ደረደሩበትና ሳሎን ገብተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የዕለቱ ንባብ እስራኤል ከአማሌቅ ጋር የተዋጋበት ነው። ሙሴ ኮረብታው ላይ ሆኖ በትር የያዘ እጁን ሲያነሳ ወገኖቹ ያሸንፋሉ፣ ሲያወርድ ይሸነፋሉ።

አናጢው ዕቃውን ሊሰበስብ ጎንበስ እንዳለ ከበላዩ ቂጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ካቢኔቱ ከግድግዳው እየተላቀቀ ነው። ዘሎ በሁለት መዳፉ ደገፈው። ልስኑ ፀጉሩ ላይ ረገፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩና ዝም አሉ።

ቢጣራ መዋረዱ ነው። ባይጣራ ክንዱ እስከ መቼ ይችላል? ከሳሎን የሙሴ እጅ እንደዛለ ሲነበብ ሰማ። «የዛለውስ የኔ እጅ ነው» አለ በሆዱ። ትንሽ ቆይቶ ካቢኔቱ ከመዳፉ ሸርተት ሲል ብርጭቆዎቹ እንደገና ተንጫጩ።

ይሄን ድምፅ ሰምተው ሁሉም መጡ። ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን አየ፣ መሬት የወደቀውን ቪስ አንስቶ ርዝመቱን በጣቱ ለካ።

«ምንም አይደል፣ ብቻዬን...» አለ አናጢው።

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ከዚያ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ቆመው ክርኑን ደገፉት።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ክንድህን ይዘንልሃል።»

«ክንዴ ምን ሆነ? ካቢኔቱን ያዙ እንጂ!»

«ሥራህን እንዳንነካ ምለናል፣ ጋሼ» አለ ሹፌሩ። «ስለ ክንድህ ግን አልማልንም።»

«አሁን ቀልድ ነው?»

«በእኔ ነው የማሉት» አሉ አማቱ ረጋ ብለው። «መሐላቸውን ቢያፈርሱ የምሞተው እኔ ነኝ። ያስማልካቸው አንተ፣ የምትፈታቸውም አንተ። ደሞስ የሙሴን በትር ማን ቀማው? አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ቆመው የያዙለት ክንዱን ነው። የሚቀመጥበት ድንጋይም አምጥተውለታል።» ይሄን ብለው የወጥ ቤቱን በርጩማ ከኋላው ገፋ አደረጉለት። ቢቀመጥ ካቢኔቱ አናቱ ላይ ነው የሚወርደው።

አናጢው ዓይኑን ጨፈነ። «መሐላውን አንስቻለሁ። አግዙኝ» አለ፤ ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

ወዲያው ሁለቱም ካቢኔቱን ከግራና ቀኝ ግጥም አድርገው ያዙት።

«ልቀቅ፣ ጋሼ። ረጅሙን ቪስ ቅድም ከመኪናው አምጥቼዋለሁ፣ ኪሴ ውስጥ አለ፣ እሱን ምታበት» አለ ታላቅየው።

«ለቅቄያለሁ።»

«አልለቀቅክም።»

እውነቱን ነው። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ጉልበታቸውን ተጠራጥሮ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። በራሱ እጅ ቢወድቅ ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ያንን ይችለዋል። በሰው እጅ ከወደቀ ግን አምኖ ተሞኘ ማለት ነው።

«ይኸው፣ እማማ፣ አሁንም አላኮራሁዎትም» አለ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ። «እስከ ዛሬ አንዲት ሚስማር ያላስመቱኝ ለካ እውነትዎን ነው።»

«አላመኑኝም ብለህ ነው? ሌላው አናጢ ረዳት ይዞ ይመጣል። አንተ ብቻህን ስትንገላታ ማየት አልችል ብዬ ነው» አሉ አማቱ። ቀረብ ብለው ፀጉሩ ላይ ያለውን ልስን አራገፉለት። «ልጄን ይዘህ የሄድክ ቀን የኔም እጅ እንደዚህ እንቢ ብሎኝ ነበር። ጣቴን አንድ በአንድ ነው ከእጇ ያላቀቅኩት። ይሄ እኮ ብርጭቆ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

አናጢው መጀመሪያ ግራ እጁን ለቀቀ። ከዚያ ቀኙን። ካቢኔቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ ውስጥ ልስን የገባ ይመስል ፊቱን በክንዱ ጠረገና ድሪሉን አነሳ።

«እማማ» አለ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ «ቪስ ያቀብሉኝ።»

አማቱ መጽሐፋቸውን በርጩማው ላይ አስቀምጠው የትልቁን ልጃቸውን ኪስ መበርበር ጀመሩ።