የዝምታ ካርድ

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ሐዋሳ ፒያሳ፣ በጠሀ ኢንተርኔት ቤት አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው ተኝቶ፣ አልሞ ይነቃ ነበር። ይህ ግነት አይደለም፤ መምህርት ታቢታ ራሷ አልማለች። ሥዕሉ መስመር በመስመር ሲወርድ ዓይኗ ይከደንና ሐይቁ ላይ የጠዋት ጉም ይታያታል፤ ተማሪዋ ሳምሪ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ጉሙ ትሄዳለች። ልትጠራት ትሞክራለች፤ ድምፅ አይወጣትም።

"ቲቸር፣ ተከፈተልሽ!" ይላል ጠሀ።

ገጹ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ነበር። የሰባት ዓመቷ ሳምሪ አትናገርም። ጠዋት ታቢታ ስትገባ ስልሳ ልጆች ብድግ ብለው "እንደምን አደሩ መምህር!" ሲሉ ክፍሉ ይናጋል፤ ሳምሪ ጆሮዋን ይዛ ዴስክ ሥር ትገባና ትጮኻለች። ርዕሰ መምህሩ አቶ በላይነህ፣ በር ሲዘጉ ድምፁ ግቢው ሙሉ የሚሰማ ሰው፣ "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለች ለእናቷ እመልሳታለሁ" ብለዋል። ሁለት ትምህርት ቤቶች ቀድመው መልሰዋታል።

ገጹ የቀኑን ውሎ በሥዕል ካርድ አሳዩ፣ ልጁ መጪውን ካወቀ አይደነግጥም ይላል። ታቢታ ካርዶቹን እንዳሉ አሳትማ ሰኞ ዘረጋችላት፦ ቢጫ አውቶቡስ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች። ሳምሪ አየቻቸውና አዛጋች። ለሐዋሳ ልጅ በረዶ ምኗ ነው? ታቢታ በራሷ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ በካርቶን ላይ በገዛ እጇ ሣለች፦ የብረቱን ደወል፣ የባንዲራ ሰልፉን፣ ትምህርት ሲያልቅ ዋርካው ላይ የሚያርፉትን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች። በመጨረሻም ጆሮዋን የሸፈነች ልጅ ሣለች፤ ዝም በሉ ማለት ነው።

ማክሰኞ ካርዶቹን ለሳምሪ ሰጠቻት፤ የመጨረሻዋን ግን ለክፍሉም አሳይታ ሰላምታ በእጅ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ወደዱት። ስልሳ እጅ ያለ ድምፅ ሲውለበለብ ታቢታ አሁንም የምታልም መሰላት። ሳምሪም ዴስክ ሥር ሳትገባ ወንበሯ ላይ ቆየች።

ዓርብ አቶ በላይነህ ገቡ። ልጆቹ ተነስተው እጃቸውን አውለበለቡ።

"ሰላምታም ረሳችሁ?" ብለው ጮኹ። "ታቢታ፣ ምንድነው የምታስተምሪው? ክፍል ነው ለቅሶ ቤት?"

"ጋሼ፣ እባክዎ ቀስ ብለው..."

"ጭራሽ እኔን!"

ሳምሪ ተነሳች። አለቀልን አለች ታቢታ በልቧ፤ አሁን ትጮኻለች። ልጅቷ ግን አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በሌላው ካርዶቿን አገላበጠች። አንዷን መረጠች። ፊታቸውን ሳታይ ሄዳ ከመዳፋቸው አስቀመጠችላቸው።

አቶ በላይነህ ካርዱን አዩ። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ዝም ይበሉ ያላቸው ተማሪ አልነበረም።

"እሺ፣ ልጄ" አሉ በሹክሹክታ። "ሰኞ እንዳትቀሪ።"

ካርዱን ሊመልሱላት ቢዘረጉ አልተቀበለቻቸውም። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ፤ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀስ አድርገው ዘጉት።