ፍሬን የሌላት ብስክሌትና የእትዬ አልጣሽ ጠበል

ገበሬ ነኝ፤ አንዲት ቃል ከጨመርሁ በሬዎቼ ቀንበር እንዳነገቡ ይቅሩ!

እንኮይ አምባን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ ከተፈጠረ መኪና ያልረገጠው አምባ ነው። እሱን በብስክሌት የዞረ ሰው ቢኖር እኔ ይታየው ብቻ ነኝ።

የሄድሁት ለጨዋታ አልነበረም። አክስቴ እትዬ አልጣሽ አምባው ላይ ብቻቸውን ታመው፣ የቆላውን ሚካኤል ጠበል አምጣልኝ ብለው ላኩብኝ። ጠበል የሚጠጣ እህል አይቀምስም። "ጠዋት ይዤ እደርሳለሁ" ስላልሁ አፋቸውን ዘግተው እየጠበቁኝ ነው።

ብስክሌት ከንፋስ መውጫ ከተማ ተዋስሁ። ጠበሉን በጀሪካን ከኋላዋ አሰርሁና በትከሻዬ ተሸክሜያት ገደሉን ወጣሁት፤ ዝንጀሮ እንኳ ቆሞ አየኝ። አምባው ላይ ደርሼ ገና ኮርቻዋ ላይ ከመቀመጤ የጋይንት ንፋስ ከኋላዬ መጥቶ እንደ ገለባ ወሰደኝ። ፍሬኑን ብይዘው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ!

ከዚያ ወዲያ አዛዧ ብስክሌቷ ሆነች። እትዬ አልጣሽ ኩባያ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመዋል።

"መጣህልኝ ይታየው!"

"መጣሁ እትዬ፤ መቆም ግን አልቻልሁም!"

አለፍሁ። አምባውን ዞሬ ተመለስሁ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ጀሪካኑን ልፈታ ብታገል ቋጠሮው አልላላ አለ። "ኧረ ራበኝ ልጄ!" ሲሉኝ ዓይኔ እያየ አሁንም አለፍኋቸው። ምን ላድርግ?

አውድማ ላይ የነበሩት ጩኸቴን ሰምተው መርዶ ነጋሪ መሰልኋቸው።

"ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም አልሞተም፤ ያዙኝ!"

ማን ይሰማል! ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ተከተሉኝ። ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እትዬ ደጅ ላይ ገጥሞ እንደ ግድግዳ አቆመኝ። ጠበሉን ቀዳሁላቸው። ጠጡ፤ ወዲያው ድነው ለዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ምሳ አቀረቡ!

ይህን ዛሬ ሰንበቴ ላይ ሳወራ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መሪጌታ ገብረ መድኅን እንኳ፣ "አንተ የተዋስኸው የኤልያስን ሠረገላ ነው!" አሉኝ። እትዬ አልጣሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ይመስክሩልኝ እንጂ!" አልሁ።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ አምባው ላይ እኮ አልወጣህም" አሉ። "ጎረቤቴ ሞላ በቀትር ከገበያ ሲመለስ፣ 'ብስክሌቷ ገደሉ ሥር ጠላ ቤቱ ደጅ ቆማለች፤ ይታየውም ውስጥ ነው' አለኝ። እኔ ግን ቃል ሰጥቶኛል ብዬ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አፌን ሳልሽር ጠበቅሁህ።"