የአለበል አሮጌ ካሜራ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አለበል ረስቷል። ንፋስ መውጫ ባለችው ፎቶ ቤቱ ቆሞ አሮጌ ካሜራውን ለመምህርቷ ለየትናየት ሲሸጥ ፊቷን እንኳ አላስታወሰውም።

"ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አታገኚም፣ ቲቸር። የላስቲኩን መላጥ አትዪ፤ ሌንሱ ንጹሕ ነው።"

"ብዙ ሰርግ አንስተህበታል?"

"ኧረ የጋይንትን ሙሽራ ሁሉ!" ብሎ ሳቀ።

የትናየት አልሳቀችም። ከእነዚያ ሙሽሮች አንዷ እህቷ ነበረች። ያን ቀን አለበል ጠዋቱን ሽር ጉድ ሲል ቆይቶ፣ ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ሊስሙ ሲሉ የባለጸጋ ሰርግ ጠራውና ካሜራውን አንጠልጥሎ ውልቅ አለ። እናቷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ "ፎቶ አንሺው የት ሄደ?" እንዳለች ቀረች። ለፋሲካም ሳትደርስ አረፈች። ዛሬ ከመታወቂያዋ ላይ ካለችው ደብዛዛ ጉርድ ፎቶ በቀር መልኳ የለም።

ሱቁ ውስጥ ሌላ ደህና ካሜራም ነበር። እሷ ግን ለእናቷ ጀርባውን የሰጠውን ያንኑ ገዛች። ሥራውን ልትነጥቀው ነበር ሐሳቧ። እውነትም ከማስተማር መልስ እየተለማመደች፣ ዓመት ሳይሞላ ሰው ለሰርጉ ይጠራት ጀመር። ንዴቷ ግን አልበረደላትም።

ጥር ላይ አለበል ራሱ ሙሽራ ሆነ። ፎቶ አንሺ የራሱን ሰርግ አያነሳ ነገር፣ የከተማው አንሺ ሁሉ በየሰርጉ ተይዞ አገኘውና የትናየት ደጅ ድረስ መጣ።

"እንዳታሳፍሪኝ፣ ቲቸር። በተለይ እናቴን አደራ። ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ።"

"ሂድ፣ አታስብ" አለችው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና፣ የሰርጉ ዕለት ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታልፍ ሳትሳለም አለፈች። ዳሱ ውስጥ ሚዜዎቹንም ጭፈራውንም አነሳች። ጉልበት መሳሚያው ደረሰ። የአለበል እናት እማማ ታደለች ካሜራውን እያዩ ፈገግ አሉ። ልጃቸው ተንበርክኮ ግንባሩን ከጉልበታቸው አሳረፈ። የትናየት ካሜራውን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ጣቷን ግን አልጫነችም።

አለበል ጠበቀ። ያ ካሜራ ቀጭ ሲል ከሩቅ ያውቀዋል፤ አልሰማውም። ቀና ብሎ አያት።

"የእህቴ ሰርግ ትዝ አለህ? ጉልበት መሳሚያው ላይ እናቴን ጥለህ የሄድክበት?" አለችው በቀስታ።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። በሰው ፊት ምን ይበል? ቢናገር የራሱን ነውር ነው የሚያወራው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

"አነሳሽን ወይ፣ ልጄ?" አሉ እማማ ታደለች።

"አዎ እማማ፣ አምሮብዎታል።"

አሮጊቷ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

"አንቺንም የእናትሽን ጉልበት ለመሳም ያብቃሽ።"

የትናየት አሜን ማለት አቃታት።