ከመርዙ በፊት

ምሥጋናው ለአይጥ ጥናት ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በላይ ወዳለው መንደር ሲመጣ ድንኳን ይዞ ነበር። አያ ሰይፈ ሥላሴ ግን ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉት።

«ከሙጃ ድረስ የመጣ ልጅ ሜዳ ላይ ሊያድር ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሽማግሌው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ፣ ክረምቱም የከበደበት ነው። ቅዳሴ ሲወጣ የገብስ ቂጣና ሽሮ ያቀርቡለታል፤ እሳቸው ግን አብረውት አይቀመጡም። «እኔ ቀምሻለሁ፣ አንተ ብላ» ይሉታል። የሰው ቤት ምግብ መመለስ ነውር ነውና ምሥጋናው አንድም ሳያስተርፍ ይበላል።

ሥራው ቀላል ነበር። የገብስ ዱቄት በኑግ ለውሶ ያድበለብላል፣ ሮዝ ቀለም ይጨምርበታል፣ በየጎተራውና በየካቡ ሥር ያስቀምጣል። መርዝ የለበትም። የበላው እንስሳ ድዱና የጢሙ ሥር ስለሚቀላ፣ ከአይጥ ሌላ ማን እንደሚበላው አስቀድሞ ይታወቃል። መርዙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መርዙ ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰብስቦ አስረዳ። በወጥመድ የተያዙት አይጦች ሁሉ አፋቸው ቀልቷል፤ ነገ ውሻም ድመትም ይታሰር አለ።

«ሰው ቢበላውስ?» አለች ጎረቤታቸው ስሜነሽ።

«ሰውማ ሌባ ካልሆነ ከአይጥ ጋር ምን ያሻማዋል? ቢበላም አፉ ያጋልጠዋል። ቀለሙ በውሃ አይለቅም።»

ሰዉ ሳቀ።

«አራጋው፣ እስቲ አፍህን ክፈት» አለች ስሜነሽ። «ሽንብራዬን የጨረሰው ማን እንደሆነ እንወቅ።»

«መጀመሪያ ጥርስ ስጪኝ፣ ከዚያ ሽንብራ ትጠይቂኛለሽ» አለ ጥርሱ ያለቀው አራጋው።

ሳቁ በረታ። አያ ሰይፈ ሥላሴም ሳቁ፤ ሳቁና ድንገት ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ምሥጋናው ግን አይቶ ነበር። ድዳቸው ሮዝ ነው።

አብረው ወደ ቤት አቀኑ። ምሥጋናው የሽማግሌውን ጎተራ ወለል ያየው ድቡልቡሉን ሲያስቀምጥ ነበር፤ ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የአይጥ ጥፋት ነው ብሎ አልፎታል። አሁን ግን የመጨረሻውን ገብስ በየቀኑ በቂጣ ሲበላ የሰነበተው እሱ መሆኑ ገባው። ዝም እንዳይል የነገው መርዝ ይገድላቸዋል። እንዳይናገር ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ያላቸው እሱ ነው።

ሽማግሌው ቂጣውን አቀረቡ።

«አያ፣ የነገው መልኩም ሽታውም ያው ነው» አለ። «ውሻና ድመት...»

«ውሻ የለኝም። ድመትም የለኝም። ለማን ነው የምትነግረኝ?»

ምሥጋናው መሬት መሬት አየ። «ለእርስዎ።»

 አያ ሰይፈ ሥላሴ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ቅቤ አለበት ወይ ብዬህ ገብስና ኑግ ነው አልከኝ። ጾም አልገደፍኩም።»

«አልገደፉም።»

«የሚበላ ነገር ካለቀብኝ ሰንብቷል።»

«እኔ ነኝ የጨረስኩት። በሰው ፊት ያልኩትም...»

«አልክ፤ ሰዉም ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።»

«ነገ ጠዋት ድንኳኔን ልትከል።»

«እንዳታደርገው!» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እንግዳው ጥሎት ወጣ ቢባል እኮ ሁሉም ለምን ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ምን ልመልስ?»

 ምሥጋናው ቂጣውን ለሁለት ቆረሰና ግማሹን ወደ እሳቸው ገፋ።

«እንግዲያው አብረን ካልበላን አልነካም። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ገብሱን የማመጣው እኔ ነኝ። የልጅ ነው ብለው ይቀበሉኝ።»

 ሽማግሌው ተነሥተው ከመኝታቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡና ከፊቱ አኖሩት። ሲፈታው የተረፉት ሮዝ ድቡልቡሎች ነበሩ።

«ውሰደው» አሉ። «እቤት ሌላ የለም።»

ከዚያ ድርሻቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ጎረሱ። ምሥጋናውም የእሱን አቀርቅሮ በላ።