ዘጠና አራት በመቶ

ተማሪዎቹ «አራት ነጥብ» ይሏቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ቋንቋ ያስተማሩ፣ ክርክር የማይወዱ መምህር ናቸው። አንድ ነገር ከወሰኑ «አለቀ፣ አራት ነጥብ!» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢታረስ አይመለሱም። ቅጽል ስማቸው ጆሯቸው ደርሷል። እንዳልሰሙ ሆነው ያልፉታል እንጂ ውስጥ ውስጡን ደስ ይላቸዋል።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ሃያ አራት ኮምፒውተሮች አገኘ። ከኮምፒውተሮቹ ጋር አንድ ፕሮግራም መጣ፤ የተማሪ ጽሑፍ ሲያስገቡበት ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር ያስተያይና ከመቶ ስንት እጁ እንደሚመሳሰል በቀይ ቁጥር ያወጣል። የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። «ጋሼ፣ ከእርስዎ ዓይን የሚያመልጥ ሌባ የለም» አላቸው። አሥራ አንድ ነጥብ ያለው ደንብ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ስልክ ይዞ ክፍል መግባት ክልክል ነው፤ የሰው ሥራ ገልብጦ የራስ ማስመሰል ክልክል ነው፤ ሰባተኛው ደግሞ «የሌላን ሰው ገመና በኢንተርኔት ማሰራጨት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። «ገመና» የሚለውን ቃል የመረጡት እሳቸው ናቸው። ምክትሉ «ምስጢር» ይባል ብሎ ነበር።

ለአሥራ አንደኛ ክፍል «በቤቴ ውስጥ የማውቀው ሥራ» የሚል የድርሰት ርዕስ ሰጡ። ሰባ ሁለት ወረቀት ተሰበሰበ። አብዛኛው እንደ ሁልጊዜው ነው፤ እናቴ ታታሪ ናት፣ አባቴ ታታሪ ነው። አንዱ ጋ ሲደርሱ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ድርሰት ነበር። እናቲቱ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፤ የግማሹ ተማሪ ቀሚስና ሱሪ በእጇ አልፏል። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተጠግታ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ጭምት ናት። ድርሰቱ የእናቷ ዓይን እየደከመ መሄዱን ይናገራል። እናት መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንዳቃታት ለማንም አትናገርም። ልጅ ደግሞ ማወቋን ለእናቷ አትናገርም። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቷ በፊት አሥር መርፌ ላይ አሥር ዓይነት ክር ታስገባና መጋረጃው ላይ ሰክታ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ስንቱ መርፌ ባዶ እንደሆነ አይታ እናቷ ምን ያህል እንደሠራች ታውቃለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።

መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሦስተኛ ሊያነቡ ሲሉ ጥርጣሬ ገባቸው። ይሄ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እጅ አይደለም አሉ። ወደ ኮምፒውተር ክፍል ወርደው ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡት። ቀዩ ቁጥር ዘጠና አራት በመቶ አለ።

«አላልኩሽም!» አሏት ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፤ ወጣት ናት፣ ከመጣች ዓመት አልሞላትም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኮ ይመሳሰላል ብቻ ነው የሚለው። ማን ከማን እንደወሰደ አያውቅም። መጀመሪያ ልጅቷን ይጠይቋት።»

«እጠይቃታለሁ።»

ጠየቋትም። አጠያየቃቸው ግን ፍርዱ ካለቀ በኋላ የሚጠየቅ ዓይነት ነበር።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር።»

ከኮምፒውተር የታተመውን ወረቀት አዞሩላት። ከላይ የገጹ ስም «የመርፌ ቀዳዳ» ይላል፤ ከሥሩ አድራሻው አለ። የልጅቷ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ይሄ ገጽ የማን ነው?»

ወረቀቱን ወደ እሳቸው መልሳ ገፋችው።

«ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ቃል በቃል አንድ ሆኖ፣ አታውቂውም!»

«ጽሑፉ የኔ ነው ቲቸር። እናቴን፣ የኔ ነው። ስለ ገጹ ግን አይጠይቁኝ።»

«ደግሞ እናትሽን ለውሸት ትጠሪያለሽ?»

ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች። «እሺ፣ ዜሮ ይስጡኝ» አለች። «ዜሮ ይስጡኝና ወረቀቱን ለማንም አያሳዩብኝ።»

መምህሩ ይሄን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት። ጥፋተኛ ካልሆነች ለምን ዜሮ ትለምናለች? በማግስቱ ተማሪ ውሃ ለመጠጣት የሚሰለፍበት ቧንቧ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። የልጅቷ ሙሉ ስም፣ ክፍሏ፣ ዜሮ ማግኘቷ፣ ለሁለት ሳምንት ኮምፒውተር ክፍል እንዳትገባ መታገዷ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ የገጹን አድራሻ አስቀመጡና «ማንም ሰው ገብቶ ማመሳከር ይችላል» ብለው ጨመሩበት። ይቺን መስመር ሲጽፉ ኮሩ። በማስረጃ የተሰጠ ፍርድ ነዋ።

ረፍት ላይ ተማሪዎቹን በሽንት ቤቱ ግድግዳ ጥግ ስልካቸው ላይ ተደፍተው አዩአቸው። ሲጠጉ ሳቁ ቀጥ አለ። እያመሳከሩ ነው ብለው አለፉ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። በማግስቱም አልመጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ግቢው በሙሉ የሚያወራውን ነገር የሰሙት አራተኛው ቀን ላይ ነው፤ ያውም የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ቢሯቸው ድረስ መጥታ ስለጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ገጹን እስከ ታች አንብበውታል?»

«የምፈልገውን አግኝቻለሁ። ሌላው ምን ያደርግልኛል?»

«ይምጡና ይቀመጡ» አለቻቸው። እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራቸው አታውቅም።

አርባ ሦስት ጽሑፍ ነበር፤ የሁለት ዓመት። መስኮት ሥር ስላለችው የስፌት መኪና፣ ስለ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ጉልበታቸው ላይ ተቀደው ስለሚመጡ የደንብ ልብሶች። ድርሰቱ ራሱ ከአራት ወር በፊት የወጣ ነው። አንዱ ላይ ስለ እሳቸው እንዲህ ይላል፦ «የቋንቋ መምህራችን አለቀ ሲሉ ደስ ይለኛል። እኛ ቤት የሚያልቅ ነገር የለም።»

ከሱ በታች ስለ ወንድሟ ነበር። «ወንድሜ ውጭ አገር ነው ይባላል። ውጭ አገሩ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ይርቃል። በር ላይ ስማችንን ይመዘግባሉ፤ የወሰድንለትን ምግብ በማንኪያ ያገላብጡታል። እናቴ ለደንበኞቿ ስለሱ ስታወራ፣ የሚኖርበት አገር በረዶ ይጥላል ትላለች። ክረምት ሲሆን በረዶውን ታበዛዋለች።» ልጁ መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ በጠፋ ዕቃ ተከሶ አራት ዓመት ተፈርዶበታል።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተማሪዎቹ መቼ አወቁ?»

«የለጠፉት ቀን፣ ከምሳ በፊት። የስፌት መኪናዋን፣ ቤቱን የማያውቅ አለ?»

«የራሷ ጽሑፍ መሆኑን ካወቁ ታዲያ አንድ ሰው እንኳ እንዴት መጥቶ አይነግረኝም?»

«ጋሼ፣ ወንድሟ ታስሯል የሚል ወሬ እያለ ስለ ዜሮ ማን ያወራል?»

ሮጠው ወጥተው ማስታወቂያውን ቀደዱት። ከሥሩ አንዱ በእስክሪብቶ «ውጭ አገር ላሉት ሰላም በሉልን» ብሎበታል። የቀደዱት ወረቀቱን ነው፤ ፎቶው በየስልኩ ገብቷል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አዳምጦ ሲጨርስ በሩን ዘጋ። «ማርኳን እናስተካክል፤ ጸጥ ብለን። ሪፖርቱ ግን ወደ ላይ ሄዷል ጋሼ። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ውጤት ብለን ነው የላክነው። አሁን ተሳስተናል ብንል ምን ይሉናል?»

«ተሳስታችኋል ይሉናላ።»

ምክትሉ አልሳቀም።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ሲወጡ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዱ። አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች። መስኮቱ ሥር መኪናዋ አለች፤ አጠገቧ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ጨርቅ በጥቅል ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ እንዲቀመጡ ጋበዘቻቸው፤ እሷ ግን ቆማ ቀረች።

«ልጅዎ ንጹሕ ናት» አሉ መምህሩ። «ጽሑፉ የራሷ ነው።»

«ለቀባሪው አረዱት» አለች። «ሌባ አለመሆኗን የወለድኳት እኔ አጣሁት? ሌባ ያሏት ይቅር፤ በሁለት ቀን ይረሳል። ግን መምህር፣ ምን በድዬዎት ነው ቤቴን አውጥተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት?»

«አላወቅሁም። እስከ ታች አላነበብኩትም።»

«እርስዎ? አንባቢው?» ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣ። «ትናንት አንዲት ደንበኛዬ መጥታ ጨርቋን ሳይቆረጥ ወሰደች። ሌላዋ ደግሞ 'በረዶው እንዴት ነው' አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስንት ውሸት ሸፍኜ ያቆየሁትን! እሷም ብትሆን...» ወደ መጋረጃው ጠቆመች። «የቤቷን ጉድ ለዓለም መንገር ምን አመጣው? ይሄን ጠይቄያት መልስ የላትም። እናትና ልጅ ተኳርፈን ነው ያለነው።»

መምህሩ ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ልጄ፣ ማርክሽ ተስተካክሏል። አሥራ ዘጠኝ ከሃያ።»

 ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ «አንዷን ለምን ቀነሱ?» የሚል ድምፅ መጣ።

መልስ ነበራቸው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቦታውን የሳተ ቃል አለ። አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«በቃ ይሂዱ መምህር» አለች እናት። «ሆድ ይፍጀው ብለናል። ከእንግዲህ እንዳያነሱን ብቻ።»

ሰውዬው ግን ይቺ ነገር አላስተኛ አለቻቸው። በአደባባይ የተሰደበ በአደባባይ ነው መካስ ያለበት ብለው ወሰኑ፤ ከወሰኑ ደግሞ ያው ወሰኑ ነው። ለኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሲነግሯት «ልጅቷን ጠይቀዋታል?» አለቻቸው።

«ይቅርታ ለማለት ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?»

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑን ያዙ። ከሺህ በላይ ተማሪ ፊት የልጅቷን ስም ጠሩ። ድርሰቱ የራሷ እንደነበር፣ ያልበላችውን ዕዳ እንዳስከፈሏት፣ ደንብ የጻፉት እሳቸው ሆነው ሰባተኛውን የጣሱት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ገጹን ከነስሙ አነሱ። የቤተሰቧን ገመና ማውጣታቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ምክትሉ በእጁ ምልክት ሰጥቶ ማይክሮፎኑን አስጠፋው፤ እሳቸው ግን በባዶ ድምፅ ቀጠሉ። እንባቸው ሲወርድ ከሰልፉ መሀል አንድ ስልክ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ሃምሳ። እየቀረጿቸው ነበር። የሚቀርጿቸው ስለ እውነት መስሏቸው ቀና ብለው ቆሙላቸው።

ቪዲዮው ከግቢው ሳይወጡ ቀደማቸው። «አራት ነጥብ አለቀሰ» የሚል ርዕስ ወጥቶለታል። በየሱቁ፣ በየታክሲው፣ በየልብስ ስፌቱ ቤት ታየ። ያየ ሁሉ «የትኛዋ ልጅ? ምን ገመና?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ከነአድራሻው ከሥሩ ተጽፎለታል።

ረቡዕ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ብብቷ ሥር የደንብ ልብሱን ጨርቅ ጥቅል ይዛለች።

«አንተ ሰውዬ» አለቻቸው። አንቱታው ቀርቷል። «አታንሳን አላልኩህም? ያላወቀውም አወቀ እኮ! የመጀመሪያውን ሳታውቅ አደረግከው፤ እሺ። ሁለተኛውን ማን ለመነህ? ለኛ ብለህ ነው ወይስ አንተ እንቅልፍ እንዲወስድህ?»

«ልጅቷስ?» አሉ መምህሩ። 

«አክስቷ ጋ ሰድጃታለሁ። የት እንደሆነ ግን አልነግርህም።»

«ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ብቻ...»

«ገጹን አጥፍታዋለች። ስልኳንም ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ። እኔ ተቆጥቼ ነበር፣ መጻፉን ተይው ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ጻፊ ብዬ ብለምናትም የምትጽፍ አይመስለኝም።»  «አንድ ነገር ልንገርህ። ድርሰቱን ያነበብኩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ አንተ ለጥፈኸው፣ የሰው ልጅ በሙሉ አንብቦት ሲያበቃ። መርፌዎቹን እሷ የዓይኔን መድከም እያወቀች እንደምትሰካልኝ አላውቅም ነበር። ለራሷ ሥራ ብላ የምትሰካቸው ይመስለኝ ነበር።»

ጥቅሉን እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። «ይሄ የትምህርት ቤታችሁ ጨርቅ ነው። ዓይኔ አያይም ብላለች ንገሯቸው። ለሌላ ሰው ስጡት።»

መንገዱን ተሻግራ ስትሄድ መምህሩ ሊጠሯት ፈለጉ፤ በምን ስም እንደሚጠሯት ግራ ገባቸው። ደወል ተደወለ። ዘበኛው ጥቅሉን አንሥቶ በትከሻው አደረገና «የት ይግባ ጋሼ?» አላቸው። ቆመው አዩት። ዘበኛው ደግሞ ጠየቃቸው።