ሽቶ የነካው ወጥመድ

ኢሲዶር በስልሳ አንድ ዓመቱ ሽቶ ገዛ። ዕድሜ ልኩን ዓሣና የጀልባ ቤንዚን ሲሸት የኖረ ሰው ነው፤ በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው አልነበረም፣ እሱም ጭምር። በዚያ ግንቦት ግን፣ የሐይቁ በረዶ ተሰባብሮ ጀልባ መውጣት በጀመረበት ሳምንት፣ የአጎቱ ልጅ ሊዮን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ እየሸተትክ ነው ሴት ለጋብቻ የምትጠይቀው? ውሾችህ ራሱ የቻሉህ ስለምታበላቸው ነው» አለው። ኢሲዶርም ወደ መንደሩ ብቸኛ ሱቅ ሄዶ ሰማያዊ ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። የሊዮንን ምክር የሰማ ሰው ምን እንደሚደርስበት እኛ ሁላችን እናውቃለን። ኢሲዶርም ያውቃል። ግን ምን ይደረግ፣ ፍቅር ይዞታል!

ፍቅር ያስያዘችው ፍሎሬስቲን ናት። ባሏ ባቲስት ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በሐይቁ ዙሪያ ወጥመድ ከሚያጠምደው ሰው ሁሉ እሷን የሚያህል የለም፤ ወንዶቹ ይህ ሲነሳ ሳል ሳል ይላቸዋል እንጂ አይክዱም። ሙያዋ ደግሞ በብርዱ ወራት ብቻ አይደለም። የማጥመጃው ጊዜ ሲዘጋ ሌላው ሰው ወጥመዱን ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቆ የተገለበጠ ጀልባ ሥር ይወረውራል፤ በረዶ ሊጥል ሲል ዝገቱን እየፋቀ ይራገማል። እሷ አንድ በአንድ ታጥባለች፣ ከጥድ ቅርፊት ጋር ትቀቅላለች፣ ሰም ታጠጣለች፣ ሞላውን አላልታ ሚስማር ላይ ትሰቅላለች። የምትሰቅልበት ጎጆ ውስጥ ሰው አይገባም። ማርተን እኮ ለጸጉራም ቆዳዋ የምትጠመድ፣ ከድመት የማትበልጥ አውሬ ናት፤ አፍንጫዋ ግን ሰው ትናንት የበላውን ይለያል። ቄሱ እንኳ አንድ ጊዜ ጎጆዋን ላይ ብለው ቢመጡ፣ «አባ፣ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታሉ፤ ከዚህ አይለፉ» ብላ ደጃፍ ላይ አቁማቸዋለች።

ባለፈው መስከረም ኢሲዶር ቀልድ አስመስሎ፣ «እኔና አንቺ አንድ ጣሪያ ሥር ብንሆን ምን ይመስልሻል?» ብሏት ነበር። ሻይዋን ጨልጣ ጠጣችና፣ «የወንድ መልክ አይቼ ጠግቤአለሁ። ወጥመዱን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ልይና ያን ጊዜ እንነጋገር» አለችው። ያን ብርድ ሙሉ ኢሲዶር ይህን አባባል ሲያላምጥ ከረመ። በግንቦት ደግሞ ራሷ ቀን ቆረጠችለት፤ ቅዳሜ መጥታ ታያለች፣ እሑድ ከእህቷ ጋር ሐይቁ ማዶ ወዳለው የዓሣ ሰፈር ትሄዳለች፣ የምትመለሰው በመስከረም ነው። ቅዳሜ ካልሆነለት በጋው ሙሉ ብቻውን ሊቆዝም ነው ማለት ነው።

እናም ሠራ፤ እሱ ይሙት ሠራ! ቤንዚኑንና መረቡን ከራሱ ጎጆ አወጣ። ሳንቃውን በፈላ ውኃ ፈተገ። መቶ ሃያ ወጥመድ አጠበ፣ ቀቀለ፣ ሰም አጠጣ። ዓርብ ጠዋት የቀረው መስቀል ብቻ ነበር። ጓንቱን ሲያነሳ ታዲያ ዓሣ ሸተተው። አርባ ዓመት ያጠመደ፣ ምራቁን የዋጠ ሰው፣ ምን ያደርጋል ትላላችሁ? ጓንቱን ይቀቅላላ! ኢሲዶር ግን ሰማያዊውን ጠርሙስ አወጣና ጓንቱ ላይ አርከፈከፈ። እግረ መንገዱን አንገቱንም አገጩንም ቀባ። ከዚያ እያፏጨ መቶ ሃያውንም ሰቀለ።

ቅዳሜ ፍሎሬስቲን መጣች። ኢሲዶር ጎጆው ውስጥ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ አገጩን ሲቀባ ኮቴዋን ሰማና ጠርሙሱን ኪሱ ውስጥ ወሸቀው። እሷ ደጃፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ በረድፍ የተሰቀለውን አየች፤ ፊቷ ፈካ አለ። ኢሲዶር አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው አፍንጫዋ ተሸበሸበ።

«ማናት?» አለች።

«ማን?»

«እዚህ የገባችው ሴት።»

«ሴት? እዚህ? ኧረ በማርያም!»

«ኢሲዶር፣ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ አፍንጫዬ ግን አልከዳኝም። ደህና ሁን።» ብላ ዞረች።

የሰውየው ቆሌ ተገፈፈ። ጠርሙሱን አውጥቶ ሊያሳያት ኪሱ ገባ፤ እጁ ሰም ነክቶት ነበርና ጠርሙሱ ሙልጭ ብሎ ወደቀ። ሳንቃው ላይ ተፈረካከሰ። ያለው ሽቶ በሙሉ ወለሉ ውስጥ ሰረገ።

«ሴትየዋ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ፍሎሬስቲን! ሴትየዋ እኔ ነኝ!»

ጎረቤቱም የሆነው ሊዮን ከአጥሩ ወዲያ ጀልባውን ሲጠግን ነበር፤ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ፍሎሬስቲን ተመለሰች። ስባሪውን አየች፣ ኢሲዶርን አየች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። እንደዚያ ስትስቅ ከባቲስት ቀብር ወዲህ ያያት የለም። የተገለበጠ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋን በሻሽዋ እየጠረገች፣ «እኔ ነኝ አለ እኮ! እኔ ነኝ አለ!» ትላለች። ኢሲዶር አብሮ ይሳቅ ወይ ይፈር ጨነቀው።

ሳቋ ሲበርድ ገባችና አንዱን ወጥመድ አሸተተች።

«ጓንቱንም?»

«ጓንቱንም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አንተ ሰው! አርባ ዓመት አጥምደህ!» አሁን አትስቅም። «ወጥመዱ እንደገና ቢቀቀል ይድናል። ጎጆው ግን አለቀለት፤ ሳንቃው ጠጥቶታል። እዚህ ከከረመ እንኳን ማርተን አይጥም አትጠጋው።»

ይህን ብላ ሄደች። እሺም እምቢም አላለች። ኢሲዶር ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

እሑድ ጠዋት ጓሮው ውስጥ እሳት አንድዶ፣ ትልቁን በርሜል ጥዶ፣ መቶ ሃያውን እንደ አዲስ ይቀቅል ጀመር። መስኮቱ ላይ የመንደሩ ሬዲዮ ክፍት ነበር። የመንደሩ ሬዲዮ ማለት ሊዮን ነው፤ የሞተን፣ የተወለደን፣ የቢንጎ ዕጣ ቁጥርን፣ የጠፋ ውሻን የሚያወራ እሱ ነው። ከመዝሙሩ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ የአጎቴ ልጅ ኢሲዶር መቶ ሃያ ወጥመዱ ማረፊያ አጥቶበታል። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው ጎጆ ያላችሁ ደውሉ። ሽቶ የምትፈልጉም ደውሉ፤ ወለሉ ላይ ሞልቷል።»

«እግዜር ይይልህ፣ ሊዮን!» ብሎ ኢሲዶር በማማሰያው ሬዲዮው ላይ ዛተ። ግን አላጠፋውም።

ሰው ሁሉ ደወለ። የታችኛው ሰፈር ሰው ጎጆ አለኝ አለ፤ ዓሣ የሚያጨስበት ነው። አንዲት አሮጊት፣ «የእኔ ምንም አይሸትም፣ ውሾቹ የሚያድሩበት ብቻ ነው» አሉ። ሌላው ደግሞ ቤንዚን አለ ግን ክዳኑ ጥሩ ነው አለ። መንደሩ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ፤ እኔም የሳቅሁትን ሳቅ አልረሳውም። ኢሲዶር ግን ተስፋ ቆርጦ ነበር። እንደ አያቱ ዘመን ጫካ ወስዶ ዛፍ ላይ ሊሰቅለው አሰበ፤ ዝናብ ይመታዋል፣ ይዝጋል፣ ይዛግ! ጸሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። የእህቷ ጀልባ ሞተር ከወደቡ ሲነሳ ሰማና ሄደች ብሎ ሆዱ ባባ። ዓይኑን ያራሰው የእሳቱ ጭስ ነው ብሎ በኋላ ሲከራከር ሰምቼዋለሁ፤ ይሁን፣ ጭስ ነው እንበል።

ያኔ ነው ሬዲዮው ውስጥ የሴት ድምፅ የመጣው።

«ሊዮን፣ ያን ሰው ንገረው።»

«ማን ልበል፣ እትዬ?»

«ማን እንደሆንኩ ጠፍቶህ ነው? ጓንቱን ያቃጥል። ገላውን ይታጠብ፣ ያውም በደንብ። ከዚያ ወጥመዱን ጭኖ ወደኔ ይምጣ። ቦታ አለኝ።»

በእኛ ዘንድ ወንድማማች እንኳ ወጥመዱን አንድ ጎጆ አያከርምም፤ ሽታው ይቀላቀላል፣ የማን ምን እንደሆነ አይለይም። አንድ ላይ የሚሰቅሉት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ከሐይቁ ዙሪያ የለም። ሊዮን ቢቸግረው ቫዮሊን ከፈተ፣ በየቤቱም እልልታና ጩኸት ተነሣ።

ኢሲዶር ጓንቱን እሳት ውስጥ ጣለ። ሐይቁ ውስጥ ዘሎ ገባ፤ በረዶ ገና ትናንት የለቀቀው ውኃ ነው፣ እየተንዘፈዘፈ ቆዳው እስኪቀላ ታጠበ። ልብሱን ቀይሮ፣ ወጥመዱን በጋሪ ጭኖ፣ መንደሩን አቋርጦ ሄደ። ሕፃን ሽማግሌው ደጃፍ ወጥቶ ያያል። አንዱ ከኋላው፣ «ኢሲዶር፣ ሴትየዋ ደህና ናት?» ቢለው ዞሮ ሳቀለት።

ፍሎሬስቲን እህቷን ብቻዋን ሸኝታ ጎጆዋ ውስጥ ሚስማር ትመታ ነበር። የቀኝ ግድግዳ ባዶውን ነው። የባቲስት ወጥመዶች በሁለት ሳጥን ታሽገው ደጅ ተቀምጠዋል፣ የወንድሙ ልጅ ሊወስዳቸው።

«ዘጠኝ ዓመት አወረድኩ፣ ወለወልኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ» አለች ሳትዞር። «ልጁ ቢያጠምድባቸው ባቲስትም ደስ ይለዋል። ከበደኝ፣ አልዋሽህም። ጠዋት አለቅስ ነበር፤ ከዚያ ሊዮንን ሰማሁና በሳቅ ሞትኩ። አቀብለኝ እንግዲህ።»

እሱ ከደጃፍ እያቀበለ እሷ ሰቀለች። አንዱን ታሸታለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትሰቅላለች። አንዷን ብቻ፣ «ይቺ ትደገም» ብላ መለሰችለት። ያለፈውን ወር ሙሉ ያጠናውን ንግግር አሥሬ ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ አሥሬም፣ «አቀብል» አለችው። መቶ አሥራ ዘጠነኛው ሲሰቀል ጋሪው ባዶ ሆነ። ኢሲዶር እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት መድረኩ ላይ ቆመ፤ ቄሱ ከቆሙበት አንድ ስንዝር አላለፈም።

ፍሎሬስቲን ከመሰላሉ ወርዳ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ወጥመዱ ገባ» አለች። «ባለቤቱ ውጭ ሊከርም ነው?»

ኢሲዶር ኮፍያውን አወለቀና ገባ።