ያልተቆጠሩት አምስት ቀናት

የናሆሚ ጣት ስክሪኑ ላይ የተሰረዙትን ፋይሎች ወደ ታች እየጎተተ መጨረሻው ላይ ደረሰና ቆመ። ከዚያ በታች የቀረ ነገር አልነበረም። እትዬ ገበያነሽ ግን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ፣ አንድ መስመር ብቅ ይል ይመስል ባዶውን ነጭ ማየታቸውን ቀጠሉ።

«የለም፣ እትዬ። ትራሹ ውስጥ የለም።»

«የሚያበቃው ነገ ነው እንጂ። ቆጥሬዋለሁ እኮ።»

«መቼ ነበር ዲሊት ያደረጉት?»

«የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ሐምሌ አምስት።» ጣታቸውን ዘረጉ። «ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም። ሦስት ጊዜ ሠላሳ ዘጠና። የጠፋ ፋይል ዘጠና ቀን ይቆያል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ዛሬ ጥቅምት አራት ነው፤ ሰማንያ ዘጠነኛው ቀን።»

ናሆሚ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ትሠራለች፤ የእድሩ ፋይሎች የሚቀመጡበት ክላውድ ዋና ቁልፍም ያለው በእሷ እጅ ነው። ቀኑን ስልኳ ላይ ወደ ፈረንጅ ለወጠችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ዘጠና አራት ሆኗል፣ እትዬ። ያቺ ትንሿ ወር አለች አይደል? ላይክ… አምስት ቀን ብቻ ያላት?»

ጳጉሜን።

የሩፋኤልን ዝናብ ጠበል ነው ብለው እየተጠመቁበት ያደጉ ሴት ጳጉሜንን ረሷት። ወር ሲቆጥሩ በሠላሳ ነው፤ እሷ እንደ ልማዷ ከሁለት ጣት መሃል ሾልካ ወጣች። በሬድስቶን ሰፈር አዲስ ቤቶች ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ስስ ሆኖ ይወርድ ነበር። የእድሩ አባል የጋሼ ተድላ ቀብር ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

የጠፋው ፋይል የእድሩ አባላት የክርስትና ስም የተጻፈበት ነበር። ሰው የክርስትና ስሙን እንዲሁ አያወጣም፤ የሚጠራበት በጸሎት ነው፣ በመጨረሻም በፍትሐቱ። እትዬ ገበያነሽ የእድሩ ጸሐፊ ሆነው ያንን ሁሉ ስም አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ወደ ኮምፒዩተር ካስገቡ በኋላ የማንም ዓይን እንዳያርፍበት ብለው የድሮውን ደብተር አቃጠሉት፤ ፋይሉንም ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዳይከፍተው አደረጉ። ሐምሌ ላይ የተደራረበውን ሲያጸዱ ግን ቅጂ መስሏቸው ዋናውን ሰረዙት። መጥፋቱን ያወቁት ለመስቀል ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ናሆሚን «ለሌላ ሰው ነው» ብለው ጠየቋት። ዘጠና ቀን ስትላቸው ልባቸው አረፈ። እነግራታለሁ እያሉ፣ ሐፍረቱ እየያዛቸው፣ ዛሬ ነገ ሲሉ ከረሙ። ቅዳሜ ተድላ ሞተ።

ተድላ እዚህ ከተማ ዘመድ የለውም። የነፍስ አባቱም ካረፉ ቆይተዋል። ስሙን የነገረው ለእርሳቸው ብቻ ነው፤ ከስብሰባ በኋላ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር በቆመው መኪናው ውስጥ። ራዲዮኑን አጠፋ፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ፈተሸ።

«ማን ይሰማል ብለህ ነው?» ብለውት ነበር።

«ጠላት አይታወቅም፣ እትዬ።»

«በዚህ ብርድ ውጭ የሚቆም ጠላትማ ወዳጅ ነው!»

ሳቀና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። ያኘከው የነበረው የማስቲካ ሽታ፣ ጆሯቸውን የነካው ትንፋሽ ሙቀት፣ ሁሉም ዛሬም አለ። ስሙ ብቻ የለም። ወዲያው ጽፈውት ነበርና ልባቸው ለቀቀው። በ«ገብረ» ይጀምራል፤ ወይም በ«ወልደ»። ያ ደግሞ የአገሩ ወንድ ግማሽ ነው።

«ልጄ፣ ሌላ መንገድ የለውም?»

«አሁን ለካምፓኒው ጽፌያለሁ። አንዳንዴ እነሱ ጋ ለጥቂት ቀን ይቆያል፣ አንዳንዴ የለም። ፕሮሚስ አያደርጉም። እስከ ዓርብ መልስ እንሰጣለን ነው የሚሉት።» እጃቸውን ያዘቻቸው። «ያኔ መስቀል ላይ ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ? ሁለት ደቂቃ ነበር እኮ።»

እትዬ ገበያነሽ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና ቦርሳቸውን ይዘው ተነሡ።

መቃብሩ ዘንድ ሰው ጥቁር በጥቁር ለብሶ በረዶው ላይ ቆሟል። እትዬ ገበያነሽ ቀሲስ ኪራኮስን ወደ ጎን ጠርተው ነገሯቸው። ወጣቱ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

«እግዚአብሔር ስም አይጠፋበትም፣ እናቴ። አገልጋይህ ብዬ እጸልያለሁ። ሕዝቡ ግን የራሱም ስም መጥፋቱን ማወቅ አለበት። እኔ ልንገርልዎት?»

«አይ፣ አባቴ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ጸሎቱ ተጀመረ። ስሙ የሚገባበት ቦታ ሲደረስ የቄሱ ድምፅ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቆመና አለፈ። የሚያውቅ ብቻ ነው ያወቀው። እትዬ ገበያነሽ ያቺ ትንፋሽ ደረታቸው ላይ ስታርፍ ተሰማቸው።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ወደ ፊት ወጡ። 

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ተድላን ያለ ስሙ ነው የሸኘነው። በአደራ የሰጠኝን ስም እኔ አጠፋሁት። የእናንተንም። የሁላችሁንም። ካወቅሁ ሁለት ሳምንት አልፎኛል፤ አፍሬ ዝም አልኩ።»

 ከኋላ አንዲት ሴት «ኮምፒዩተር ይሻላል ያሉን እርሳቸው አልነበሩም?» ስትል ተሰማ። ማንም አልገሠጻትም። እውነቷን ነው።

ጋሼ ሀይሉ ከዘራቸውን እየተከሉ ቀስ ብለው መጡ። ደብተሩ ወደ ኮምፒዩተር ይግባ ሲባል ሁለት ስብሰባ ሙሉ የተሟገቱ ሰው ናቸው። እትዬ ገበያነሽ ስድብ ጠብቀው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ደብተር ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው የኔን አስቀድሚ። አንቺን ከጠበቅሁ እሞትብሻለሁ።»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አሉ። እስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ ብሎ ነበር፤ እትዬ ገበያነሽ በትንፋሻቸው አሞቁትና ጻፉ። ከጋሼ ሀይሉ ኋላ ሁለት ሰው ቆሟል፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ ሰልፉ እስከ መኪኖቹ ደረሰ። «ኮምፒዩተር» ያለችው ሴትም ተራዋን ይዛለች። እያንዳንዱ ጎንበስ ይላል፣ ያንሾካሹካል፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው ይሄዳል። ሰው ባለፈ ቁጥር ጆሯቸው አንድ ጊዜ ይሞቃል።

ናሆሚ መጨረሻ ላይ መጣች። የራሷን ስም ከእናቷ በስልክ ጠይቃ ገና አሁን መስማቷ ነበር፤ ስታንሾካሹክ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ከዚያ ደብተሩን አየችው።

«እትዬ፣ አንደኛው መስመር ላይ ምንም የለም።»

«የተድላ ነው።»

«ካምፓኒው እስኪመልስልን?»

«ሣልስቱ ዓርብ ነው። ያን ዕለትም ስም ይጠራል።»

እስክሪብቶውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ጓንታቸውን አወለቁ። በረዶው ባዶ እጃቸው ላይ እየወረደ፣ አንድ ጣት፣ ከዚያ ሌላ ጣት፣ ቀስ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፤ ዓርብ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ በመሃሉ የዘለሉት ቀን እንዳለ ለማየት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።